ስካን አርባ ሰባት፦ ከደሴ ካዛንቺስ ደርሶ መልስ

ከመስክ የተመለሰ ሠራተኛ ሪፖርት ያቀርባል። እኔም አቅርቤያለሁ። ሁለት ገጽ ነው፣ ማህተም አርፎበታል፣ አሁን ፋይል ውስጥ ተኝቷል። «ስልጠናው በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» ይላል። እውነቱን ለመናገር እኔ እስኪጠናቀቅ አልቆየሁም። ይህን ሁለተኛውን የጻፍኩት «አዲስ አበባ ሄደህ ምን ይዘህ መጣህ?» እያላችሁ ለምታደርቁኝ ለቢሮ ጓደኞቼ ነው። ማህተም የለውም፤ ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው።

ለማያውቀኝ፣ ደረጀ እባላለሁ። ደሴ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መምሪያ፣ ስሙ ይቅርብንና፣ ሃያ ዓመት ታይፒስት ነበርኩ። የጽሕፈት መኪናው ሄዶ ኮምፒውተር ሲመጣ «ጣቱ ፈጣን ነው» ተብዬ ድረ ገጹ ለእኔ ተሰጠ። ኮድ የሚባለውን ነገር ከመጽሐፍም ከሰውም እየለቃቀምኩ ለመድኩ። ድረ ገጼ የሚውለበለብ ባንዲራ አለው። ከቀኝ ወደ ግራ የሚሮጥ «እንኳን ደህና መጡ» አለው። የኃላፊያችን ፎቶ ደግሞ የገጹን እኩሌታ ይዟል፤ እሳቸው ራሳቸው ናቸው መጠኑን የመረጡት።

ካዛንቺስ የተጠራሁት ለአምስት ቀን ስልጠና ነው። የመንግሥት ድረ ገጾች ሁሉ አንድ ዓይነት መልክ እንዲይዙ፣ ማንም ሰው፣ ዓይነ ስውርም ቢሆን፣ እንዲጠቀምባቸው ተብሎ ነው። እኔ ግን የሄድኩት ለመማር አልነበረም፤ ለማሳየት ነው። ሰርተፊኬቱን የምሰቅልበትን ሚስማር ሳልነሳ በፊት ሳሎኔ ግድግዳ ላይ መትቼ ነው የወጣሁት።

እሑድ

አውቶቡሱ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ይነሳል ተብሎ አስራ ሁለት ተኩል ላይ ተነሳ። ጭኔ ላይ አንድ ጀሪካን ማር ይዣለሁ። ማሩ ለእትዬ ዘነቡ ነው። እትዬ ዘነቡ የእናቴ የአክስት ልጅ ናቸው፤ «ዘመድ እያለህ ሆቴል ብትገባ ዓይንህን አላይም» ስላሉኝ የማርፈው ካዛንቺስ እሳቸው ቤት ነው። ባዶ እጅ ደግሞ አይኬድም።

ኮምቦልቻ ድረስ ማሩ ጨዋ ነበር። ከሚሴ ላይ ሙቀቱ መጣ። ሸዋ ሮቢት ላይ ክዳኑ መተንፈስ ሲጀምር እኔ እንቅልፌን እለጥጣለሁ። ደብረ ሲና ለምሳ ሲቀሰቅሱኝ ማሩ ቦርሳዬ ውስጥ ገብቶ፣ የድረ ገጼን ሙሉ ኮድ የያዘችው ፍላሽ ማር ለብሳ አገኘኋት። የምግብ ቤቱ ባለቤት አይታኝ ውሃ በጆግ ይዛ መጣች። «ፍላሽ በውሃ አይነካም፣ ላሰው» አለኝ ፊት ለፊቴ ሽሮ የሚበላ መንገደኛ። ላስኩት። በአገልግሎት ዘመኔ ሁሉ የመንግሥት ንብረት ስልስ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ሴትዮዋ የምሳዬን ሂሳብ አልቀበልም አለች፤ «ማር ልሰህ ጠግበሃል» ብላ እየሳቀች ሸኘችኝ።

ላምበረት መናኸሪያ አስር ሰዓት ላይ ወረድኩ። መገናኛ ላይ አንዱን የታክሲ ረዳት «ካዛንቺስ ትሄዳለህ?» ብለው «ግባ፣ ግባ» አለኝ። ገባሁ። ያወረደኝ ኦሎምፒያ ነው። ደሴ ላይ ባጃጁ ስሜን ያውቃል፤ እዚህ ረዳቱ የራሱን መንገድም አያውቅም። ማር የሚያንጠባጥብ ጀሪካን ይዤ ቆሜ ሳለ አንዲት ሴት አየችኝና «የት ነው የሚሄዱት?» አለችኝ። ካዛንቺስ አልኳት። አብራኝ ተሳፍራ፣ ሰፈሩን ጠይቃ፣ እትዬ ዘነቡ በር ላይ ድረስ አደረሰችኝ። ግቢ ብንላት «አይ፣ ላንቻ ነው ቤቴ፣ ይመሽብኛል» ብላ ወደመጣንበት ተመለሰች። ላንቻ በተቃራኒው አቅጣጫ መሆኑን የሰማሁት ከሄደች በኋላ ነው።

እትዬ ዘነቡ ከአንድ ትልቅ ሆቴል ጀርባ፣ አምስት ቤተሰብ በአንድ ቧንቧ በሚጠቀምበት ግቢ ውስጥ ነው የሚኖሩት። አልጋቸውን ለእኔ ለቀው መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግተዋል። «ኧረ እትዬ፣ እኔ መሬት እተኛለሁ» ብላቸው «አፈር ስሆን፣ ዝም ብለህ ብላ» አሉኝና ምንቸት አብሹን ጨመሩልኝ። ሦስት ጊዜ በቃኝ አልኩ፣ ሦስት ጊዜ ተጨመረልኝ። በዚህ በኩል አዲስ አበባና ደሴ አንድ ናቸው።

ራት ላይ ልጃቸውን ሰላምን አገኘኋት። ሰላም ከሕፃንነቷ ጀምሮ ዓይነ ስውር ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ በሶሻል ወርክ ተመርቃ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ስትፈልግ ቆይታለች። «ማስታወቂያ ሰሌዳ ጋ ሄጄ የሚያነብልኝ ሰው እስካገኝ ምዝገባው ያልቃል» አለችኝ።

«አንብበው የነገሩንም አልጠቀሙን» አሉ እትዬ ዘነቡ። «የአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ የተለጠፈ ዕለት ጎረቤታችን ሄዶ አየልን። አንድ መስመር ዝቅ ብሎ የሌላ ሰው ውጤት አንብቦ ኖሮ ወድቃለች አለን። ሁለት ቀን ስናለቅስ ቆይተን ልጄ ለካ አልፋለች።»

«እኔ አላለቀስኩም፤ ተናድጄ ነው» አለች ሰላም።

«አልቅሳለች» አሉኝ እናቷ ቀስ ብለው።

ሰኞ

ስልጠናው ካዛንቺስ ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ አይሠራም። አሰልጣኛችን ቤዛ የምትባል፣ ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። ፍላሼን ተቀብላ ኮምፒውተሩ ላይ ስትሰካ ጣቷ ተጣበቀ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ማር ነው» አልኳት። ምን ልበላት።

ቤዛ ያስተማረችን ነገር ሲሰሙት ቀላል ነው። አንድ ቁልፍ፣ ለምሳሌ «ላክ» የሚለው፣ አንድ ጊዜ በደንብ ይጻፋል፤ ሁሉም መሥሪያ ቤት ያንኑ ይጠቀማል። ስህተት ሲገኝ አንድ ቦታ ይታረማል፣ ሁሉም ጋ ይታረማል። አንዱን መሥሪያ ቤት የለመደ ሰው ሌላው ጋ ሲሄድ አይጠፋበትም። ሁላችንም ጭንቅላታችንን ነቀነቅን። ከዚያ ቁልፉ ምን ዓይነት ቀለም ይሁን ስትል ጦርነት ተነሳ። አንዱ የእኛ አረንጓዴ ነው፣ ኃላፊው አረንጓዴ ነው የሚወዱት አለ። ሌላው ሰማያዊ ካልሆነ ፊርማዬን አላኖርም አለ። እኔም የኃላፊያችን ፎቶ ከቁልፉ በላይ ካልሆነ ደሴ አልመለስም አልኩ።

«በቃ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ» አለች ቤዛ። «ሰው መሥሪያ ቤታችሁ ሲመጣ፣ ማለቴ፣ መጀመሪያ የሚፈልገው የኃላፊውን ፎቶ ነው?»

ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ግን ስለ ቀለሙ ስንነታረክ ዋልን።

ማታ ራት ሳይቀርብ ድረ ገጼን ለሰላም አሳየሁ። ማሳየት ማለት ይከብዳል፤ እሷ ያገለገለ ላፕቶፕ አላት፣ ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራም ተጭኖበታል። አማርኛው ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ አማርኛ ቢመስልም ይሰማል። ሰላም አድራሻውን ጻፈች፣ እኔ ደረቴን ነፋሁ፣ ማሽኑ ጀመረ።

«ምስል። ምስል። እንኳን ደህና መጡ። ስካን ዜሮ ዜሮ አርባ ሰባት። ምስል። እንኳን ደህና መጡ። እንኳን ደህና መጡ።»

«ጋሼ» አለች ሰላም፣ «ተቀበልከኝ፣ ተቀበልከኝ፣ ግን ግቢ የሚለኝ ጠፋ።»

እትዬ ዘነቡ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ዘመዳችን የሚሠራው ነው ብዬ ሁልጊዜ እከፍተዋለሁ እኮ» አለችኝ ሰላም። «ባለፈው ማክሰኞም ከፍቼዋለሁ። ያው ስካን ዜሮ ዜሮ አርባ ሰባት ነው። ምን የሚሉት ነው?»

«አንድ ማስታወቂያ ይሆናል» አልኳት። አላስታወስኩትም። ታይፒስት ስትሆኑ እጃችሁ እንጂ እናንተ አታነቡም፤ ስካን ማድረግ ሲመጣ ደግሞ እጄም ማንበብ ተወ።

ለምን ሁሉንም ስካን እንደማደርግ እናንተ ታውቃላችሁ። አንድ ቀን ማስታወቂያ በፊደል ጽፌ ባወጣ ኃላፊያችን ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ ሁሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ታያቸው። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ ተዘጋ። ደግሞስ ማህተም የሌለውን ማስታወቂያ ማን ያምናል? ወረቀቱ ይታተማል፣ ይፈረማል፣ ማህተም ያርፍበታል፣ እኔ ፎቶውን አንስቼ እለጥፋለሁ። ለሰላም ይህን ሳስረዳት «ማህተሙን ማን አየው?» አለችኝ። ደግነቱ ራት ቀረበ።

ማክሰኞ

ቤዛ ጠዋት ስትገባ የሁላችንንም ማውስ ነቅላ በፌስታል ሰበሰበች። «ዛሬ በኪቦርድ ብቻ ነው። እጁ የማይታዘዝለት ሰው፣ የማያይ ሰው እንዲህ ነው የሚሠራው።» እኔ ድረ ገጼ ላይ ስልክ ቁጥራችን ጋ ለመድረስ አርባ አንድ ጊዜ ቁልፍ ተጫንኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ የራሱ ባንዲራ ውስጥ ገብቶ መውጣት አቅቶት ኮምፒውተሩን ዘጋው።

ከሰዓት ለምስሎቻችን መግለጫ እንድንጽፍ ተነገረን። የማያይ ሰው ምስሉ ምን እንደሆነ የሚሰማው በመግለጫው ነው። ለኃላፊያችን ፎቶ ወዝ ያለው ነገር ጻፍኩ። «ክቡር ኃላፊያችን ሰማያዊ ክራቫት አስረው፣ በአባትነት መንፈስ ፈገግ ብለው፣ ጠረጴዛቸው ላይ አበባ ተቀምጦ፣ ከኋላቸው የደሴ ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሲታይ» ብዬ ነው። ቤዛ አንብባ አንገቷን ነቀነቀች።

«አሪፍ ነው ጋሼ። ግን ያሳጥሩት። ሰውየው የመጣው መሬቱን ሊያስመዘግብ ነው።»

«የመምሪያው ኃላፊ» ብቻ ቀረ። ለተራራው አዘንኩ። «እነዚህ ስካኖች ደግሞ መግለጫ አይበቃቸውም» አለችኝ። «ውስጣቸው ያለው በሙሉ በፊደል ይጻፍ።» ሥልሳ ሁለት ስካን ነበሩ።

ረቡዕ

ቤዛ ሳጥን የማይሆን ፊደል ሰጥታኝ መተየብ ጀመርኩ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ጣቶቼ የድሮ ሥራቸውን አገኙ። አዳራሹ ውስጥ ሁሉም አንድ አንድ ፊደል ሲፈልግ እኔ እንደ ዝናብ አወርደዋለሁ። ቤዛ መጥታ ከኋላዬ ቆማ አየችኝ።

አርባ ሰባተኛው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። «ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ። የማህበራዊ ጉዳይ ባለሙያ። ተፈላጊ ትምህርት፦ በሶሻል ወርክ የመጀመሪያ ዲግሪ። ብዛት፦ አንድ። አካል ጉዳተኞች ቢያመለክቱ ይበረታታሉ።» ይበረታታሉ የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያንን ቃል ፎቶ አድርጌ፣ አካል ጉዳተኛ ሊያነበው በማይችል መንገድ የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

ምዝገባው አስር የሥራ ቀን ነው፣ በአካል ቀርቦ፣ ዋናውንና ኮፒውን ይዞ። የወጣው ባለፈው ሳምንት ሰኞ ነው። በጣቴ ቆጠርኩ፤ የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነው፣ ከነገ ወዲያ። ኮሪደር ወጥቼ መዝጋቢያችን ወይዘሮ አስካለ ጋ ደወልኩ። ቀኑ ይራዘም እንደሆን ጠየቅኳት።

«አይራዘምም። ማስታወቂያው ወጥቷል፤ ያነበበ መጥቷል።»

«ማንበብ ያልቻለስ?»

«ዲግሪ ያለው ሰው ማንበብ እንዴት ያቅተዋል አቶ ደረጀ?»

ቤዛ ጋ ሄጄ ልሄድ ነው አልኳት። ዓርብን ያልጨረሰ ሰርተፊኬት እንደማያገኝ ነገረችኝ። ሳሎኔ ግድግዳ ላይ የመታሁት ሚስማር ዓይኔ ላይ ድቅን አለ። ከዚያ ነገሩን ዘርዝሬ ስነግራት «በቃ ይሂዱ» አለችኝ፤ ፍላሼን በማጽጃ ጠርጋ መለሰችልኝ።

ቤት ስደርስ ሰላም ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ሳልቀመጥ አነበብኩላት።

«መቼ ነው የወጣው?»

«ባለፈው ሳምንት ሰኞ።»

«ማክሰኞ ከፍቼዋለሁ እኮ ጋሼ።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ነገ ንጋት ላይ ይዤሽ እሄዳለሁ» አልኳት። እትዬ ዘነቡ ሳጥን ከፍተው የልጃቸውን ዲግሪ በጨርቅ እንደተጠቀለለ አወጡት።

ኮፒ ለማድረግ ወጣን። ካዛንቺስ መብራት የለም። ኦሎምፒያ ሄድን፣ መብራት የለም። አንዱ ባለ ሱቅ «መስቀል ፍላወር ጄኔሬተር ያለው አለ» ብሎ ሱቁን ለጎረቤቱ አደራ ሰጥቶ መንገዱን ሊያሳየን ራሱ መጣ። እዚያ ደግሞ ጄኔሬተር አለ፣ ናፍጣ የለም። የኮፒ ቤቱ ባለቤት ሰላምን አየች፣ ዲግሪውን አየች፣ አጠገቧ ያለው ሆቴል ገብታ በጀሪካን ናፍጣ ለምና መጣች። ኮፒው ሲወጣ ሰላም ወረቀቱን በጣቷ ዳበሰችና «ሞቃት ነው» ብላ ፈገግ አለች። ከሰዓት ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ሐሙስ

በመልሱ መንገድ ማር አልነበረም፤ እትዬ ዘነቡ ግን ጀሪካኑን ባዶውን አልመለሱትም፣ በሶ ሞልተውበታል። ሰላም መስኮቱ ጋ ተቀመጠችና የሚታየውን እንድነግራት ጠየቀችኝ። ጣርማ በር ስንደርስ ጀመርኩ። «አሁን በስተግራችን እጅግ ጥልቅ የሆነ፣ ሲያዩት ልብ የሚያርድ፣ አባቶቻችን በእግራቸው...»

«አሳጥረው ጋሼ።»

«ገደል። ጉም። ሁለት ዝንጀሮ።»

«ይሄ ጥሩ ነው» አለች። ቤዛና እሷ ሳይተዋወቁ ተመካክረውብኛል።

አጣዬን አልፈን ጎማ ፈነዳ። የመለዋወጫው ጎማ ደግሞ አየር የለውም። ሰዓቴን አየሁ፤ ሰላምም ሰዓት ጠየቀችኝ። ሁለታችንም ስለ ዓርብ ነው የምናስበው፣ ግን አናወራውም። ሹፌሩ ጎማውን በጭነት መኪና አስጭኖ እስኪያስነፋ ሦስት ሰዓት ፈጀ። መንገድ ዳር ያሉ ሰዎች ወንበር አምጥተው ሰላምን ጥላ ሥር አስቀመጡልኝ፤ እኔ በሶ በጥብጬ ለመንገደኛው ሁሉ አደልኩ። ደሴ የገባነው አመሻሹ ላይ ነው። ጉሙ ከተማውን ውጦታል። ሰላም «ምን ይታያል?» ስትለኝ «ምንም» አልኳት፤ ያን ዕለት እኩል ነበርን። ባለቤቴ ራት ሠርታ ትጠብቀን ነበር።

ዓርብ

ከጠዋቱ ሁለት ተኩል ላይ ወይዘሮ አስካለ ጠረጴዛ ፊት ነን። ዋናውን አየች፣ ኮፒውን አየች፣ ቀና ብላ ሰላምን አየች።

«ማስታወቂያውን አንብበሽዋል?»

«ርዕሱን አዎ» አለች ሰላም። «ስካን ዜሮ ዜሮ አርባ ሰባት።»

ወይዘሮ አስካለ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ጣሪያውን አየሁ። መዝገቡን ገለጠችና ስሟን ጻፈች፤ ከዚያ የሰላምን ጣት ይዛ የምትፈርምበት መስመር ላይ አሳረፈችላት።

ሰላም ፈተናው እስኪደርስ እኛ ቤት ሰነበተች። ተፈትና ወደ እናቷ ተመለሰች። እኔ በበኩሌ ባንዲራውን አነሳሁ፣ የሚሮጠውን «እንኳን ደህና መጡ» አስቆምኩት፣ የቤዛን ቁልፍ አስገባሁ። ኃላፊያችን ጠሩኝ።

«ፎቶው አነሰ» አሉኝ።

«በስልክ ለሚከፍት ሰው እንዲፈጥን ነው።»

ይህን ዋጡት። የፈተናው ውጤት ሲደርስ ግን ሌላ ነገር መጣ። በፊደል ላውጣው ስላቸው «ማህተም የሌለውን ውጤት ማን ያምናል?» አሉ። ጽሑፉ ከላይ ይሁን፣ ማህተም ያለው ወረቀት ከታች ይቀመጥ አልኳቸው። ኮምፒውተራቸው ላይ ከፍተው አራት ማዕዘን ሳጥን ሲፈልጉ አስር ደቂቃ ቆዩ። አንድም አላገኙም። «በል አውጣው» አሉኝ።

ውጤቱን ስተይብ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምተይበውን መስመር በመስመር እያነበብኩ ነበር። ለጥፌ ስጨርስ ስልኬን አነሳሁ። የሰላምን ቁጥር አወጣሁ። ጣቴ መደወያው ላይ ነበር፤ ያ መስመር ዝቅ ብሎ ያነበበው ጎረቤት ትዝ አለኝ። ስልኬን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩት።

ከሰዓት በኋላ መሳቢያው ውስጥ ጮኸ። ቁልፉን ፍለጋ ኪሴን ሁሉ ገለበጥኩ። ሳነሳው መጀመሪያ የሰማሁት ያንን የላፕቶፑን የእንግዳ አማርኛ ነው፤ «ተራ ቁጥር አንድ» ብሎ የሰላምን ስም ከነአባቷ ጠራ፣ «ያለፈች» አለ። ከዚያ ሰላም መጣች።

«ጋሼ፣ ለእማዬ ያነበብኩላት እኔ ነኝ።»

ቀጥላ ምን እንዳለችኝ አልሰማሁም። እትዬ ዘነቡ እልልታቸውን አቅልጠውት ነበር።